የሚናስ ብየዳ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊያ ሚናስ፣

ባለሽበት አገር ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክሽን የማላነሳው ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። ሲጮህ አይሰማኝም፤ ጎረቤት ጠቁሞኝ ባነሳውም የምትዪው ከውኃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነው የሚሆንብኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ልጻፍልሽ። ጎረቤቴ ሀጂራ፣ ያቺ የቁልፍና የክር ሱቅ ያላት፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም ለእሷ ላኪ፣ በማጉሊያ መነጽሬ ከስልኳ ላይ አነበዋለሁ። ሀጂራ ምስጢር አታወጣም። ብታወጣስ ምን ምስጢር አለን?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ሊነሳ ነው። ወሬው ከከረመ ቆይቷል፣ አሁን ግን በየበራችን ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ለእኔ ከከተማ ዳር አንድ ክፍል ይሰጥሃል ተብያለሁ፣ አራተኛ ፎቅ። ቤቱስ ቤት ነው፣ ምን አለበት። ያስጨነቁኝ ሬዲዮዎቹ ናቸው።

ሱቄን ታውቂያታለሽ። ልጅ ሆነሽ አቧራው ያስነጥስሽ ነበር። እስከ ኮርኒሱ የተደረደሩት ሬዲዮዎች የእኔ አይደሉም። ሰው ለጥገና አምጥቷቸው ያልተመለሰላቸው ናቸው። በእኛ ሙያ ባለቤቱ ያልወሰደው ዕቃ አይሸጥም፣ ለመለዋወጫም አይፈታም። አንዳንዱ ረስቶት ነው፤ አንዳንዱ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ገዝቶ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በዚያ በክፉ ዘመን ከቤቱ እንደወጣ የቀረ ነው። በየጀርባቸው የባለቤቱ ስም በካርቶን ተጽፎ ተንጠልጥሏል። አራተኛ ፎቅ አይወጡልኝ፣ መንገድ ላይ አልጥላቸው። አያትሽ አይናዲስ በሕይወት ብትኖር ለወንድሟ አንድ መላ አታጣም ነበር። አሁን ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ለታሪክ የሚሆኑ ከሆነ የሚቀበላቸው ቦታ አይጠፋም ብዬ ነው። ምን ትያለሽ?

ለባልሽ ለልዑል ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቤታችሁን ያሙቀው።

አያትሽ እምሩ

---

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ እምሩ፣

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥልኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ልዑልም ደህና ነው። እዚህ ዝናብ ነው፣ ሁልጊዜም ዝናብ ነው። ሥራዬ ያው የአረጋውያን ቤት ነው፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒት አድላለሁ።

ስለ ሬዲዮዎቹ እውነቱን ልንገርዎት? ይተዉአቸው። እዚህ በየጊዜው አንድ ሰው ይሞታል፤ ልጆቹ መጥተው ፎቶ ያነሱና ሌላው ሁሉ ወደ ገንዳ ይጣላል። ወንበሩም፣ ሰዓቱም፣ ሬዲዮውም። መጀመሪያ ላይ ይከብደኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። እንዲያውም እዚህ አገር የድሮውን የሬዲዮ ማሰራጫ ከዘጉት ቆይቷል። በየቤቱ ያለው ሬዲዮ አንድ ቀን ዲዳ ሆነና ሰው ተሸክሞ ሄዶ ጣለው። ሲያለቅስ የታየ የለም። ዕቃ ዕቃ ነው አባባ። እርስዎ ለራስዎ ያስቡ። አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ጉልበትዎን፣ መንገድ ሲሻገሩ ጆሮዎን።

ስለ ጆሮዎ ካነሳን፣ አንድ የምናውቀው ሰው ሰሞኑን ይመጣል። በእሱ እጅ የጆሮ ማዳመጫ ልኬልዎታለሁ። እዚህ ለአረጋውያኑ የምናደርግላቸው ዓይነት ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ጆሮዎ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። እባክዎ ያድርጉት።

አክባሪ ልጅዎ
ሊያ

---

ፒያሳ
የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊያ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ፣ ተናድጄም ቢሆን አለሁ።

የላክሽው ሰው ዕቃውን አድርሶልኛል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ማዳመጫዋን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኳት። የጊዮርጊስን ደወል ሰማሁ! ካልሰማሁት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ግን ምን ነካኝ መሰለሽ፣ ይህቺ ባቄላ የምታህል ነገር እንዴት ብላ ነው ይህን ሁሉ የምትሠራው አልኩና ከፈትኳት። ውስጧን ብታዪው! እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ጥበብ። ስገጥማት ጤፍ የምታህል አንዲት ነገር ወድቃ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ሀጂራና እኔ ተንበርክከን ብንፈልግ ብንፈልግ ጠፋች። አትቆጪኝ። ሌላ እንዳትልኪ፣ እሱንም እከፍተዋለሁ።

አሁን ወዳናደድሽኝ ነገር ልምጣ። ዕቃ ዕቃ ነው አልሽ። ደግ። ከላይ ካሉት አንዱ፣ ትልቁ ግሩንዲግ፣ ካሣሁን የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ያመጣው ነው። ተጨዋች ልጅ ነበር። ዛሬስ ደረሰልኝ እያለ ይመላለስ ነበር፣ ቫልቭ የሚሉት የውስጥ አምፖሉ ጠፍቶብኝ አዘገየሁበት። አንድ ሳምንት ሳይመጣ ቀረ። በኋላ እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሠርቼው ነበርና ውሰዱት እናቴ አልኳቸው። ቆመው አዩት፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና፣ «እሱ ይምጣና ይውሰደው» ብለው ወጡ። ልጃቸው እንደማይመጣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ከዚያ በኋላም በበሬ ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩታል። እሳቸውም አረፉ። ሬዲዮው እዚያው አለ።

ይህን ነው ገንዳ ውስጥ ጣል የምትዪኝ? ሲያለቅስ የታየ የለም አልሽ። እኔ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

የልዑልን ደህንነት በመስማቴ ደስ ብሎኛል።

አያትሽ እምሩ

---

በርገን
የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ እምሩ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ።

ማዳመጫውን ፈታሁት ሲሉ መጀመሪያ ጮህኩ፣ ቀጥሎ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ግን እኮ ጆሮዎ ነበር አባባ! ምን ይሻልዎታል እርስዎ?

የአስተማሪውን እናት ነገር ካነበብኩ ወዲህ ገንዳው አጠገብ ሳልፍ ዓይኔን እመልሳለሁ። ባይጽፉልኝ ይሻለኝ ነበር። ለማንኛውም ስሸሽ የነበረውን ሥራ ሠራሁ። ለተሚካኤል የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ አብረን የተማርን፣ አሁን ስድስት ኪሎ ታስተምራለች። የድሮ የቤት ዕቃ እየሰበሰበች ለሕዝብ የሚታይበት ክፍል እያደራጀች ነው። ስለ እርስዎ ሱቅ ስነግራት ስልኩ ውስጥ ዘለለች ማለት ይቻላል። ሁሉንም እፈልጋለሁ አለች። ስማቸው በካርቶን ተጽፎ ተንጠልጥሏል ስላትማ አለቀሰች መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አደራ ብላኛለች። እንዳሉ ነው የምትፈልጋቸው። አቧራቸውም፣ ዝገታቸውም፣ የተበጠሰ ሽቦአቸውም። ምንም እንዳይነኩ ብላለች። በመጋቢት መጨረሻ መኪና ይዛ ትመጣለች። ሱቁ እስከዚያ አይፈርስም አይደል?

ልጅዎ
ሊያ

---

ፒያሳ
መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊያ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዘርሽ ይባረክ። ደብዳቤሽን በሀጂራ ስልክ ላይ ሁለቴ አነበብኩት። ዓይኔ ደከመ እንጂ ሦስተኛም እደግመው ነበር። የጓደኛሽ እጅ ይባረክ፣ ያስተማራትም ይባረክ።

ግን ልጄ፣ እንዳሉ ማለት ምን ማለት ነው? ሬዲዮ እኮ የሚናገር ዕቃ ነው። የማይናገረውን ዕቃ ሰው ፊት አቁሜ ይህ ሬዲዮ ነው ልበል? የካሣሁን እናት ዘመድ መጥቶ ቢያየው፣ እምሩ ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጦ ሳይሠራው ሰጠ አይልም? የእንግዳ ልብስ እንኳ ታጥቦ ነው የሚሰጠው። ጓደኛሽ አይንኩ አለች፣ ትሕትናዋ ነው፤ ሽማግሌ ላድክም አትልም መቼም። እኔ ግን ሙያዬን አውቃለሁ። አሁን ሌትም ቀንም ሥራ ላይ ነኝ፣ እንደ ወጣት ሆኛለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

የድሮው ቫልቭ ዛሬ በወርቅም አይገኝ። ስለዚህ የበሰበሰውን ውስጥ ዕቃ እያወጣሁ ከመርካቶ በገዛሁት የቻይና ቦርድ እተካዋለሁ። ሳጥኑ ያው ነው፣ መዞሪያው ያው ነው፣ ማንም አይለየውም። ጆሮዬስ? ለእሱም ዘዴ አለኝ። ጣቴን ስፒከሩ ወረቀት ላይ አስቀምጣለሁ። ሲንቀጠቀጥ ይናገራል ማለት ነው። ሀጂራን ደግሞ ይናገራል ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ፣ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። ሁለቱ ብቻ አይድኑም፣ ውስጣቸውን አይጥ በልቷቸዋል። ጓደኛሽ እንዳታያቸው ከኋላ ከጆንያው ሥር እሸሽጋቸዋለሁ፣ ነውር ነው።

ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ያባትሽን ነው። ነግሬሽ አላውቅም? ሳትጠይቂኝ ከየት ይምጣ። አባትሽ ሚናስ በጉብዝናው ጊዜ እኔ ዘንድ ሙያ ሊለምድ ገብቶ ነበር። ያኔ አንድ ፊሊፕስ ከባዶ ሳጥን ጀምሮ ራሱ ሠራ፣ ለእናትሽ ሊሰጣት። አንዴ እዩልኝ ብሎ አስቀመጠው፣ ከዚያ ታመመ፣ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ካርቶኑ ላይ «ሚናስ፣ የራሴ» ብሎ ጽፎበታል። ልጁ ወርቅ ነበር፣ እጁ ግን ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ብየዳው ጉድ ነው። እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት ቢቀርብ በስሙ ይሳቅበታል፤ ለአባትሽ ክብር ብዬ ነው። የሚመጣው ሳምንት ሁሉንም አውጥቼ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ።

በዚህኛው ደብዳቤሽ ስለ ልዑል ምንም አላልሽም። ሰላም ነው?

አያትሽ እምሩ

---

በርገን
መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፣ ቸኩያለሁ። የአባቴን ሬዲዮ አይንኩት። እባክዎ። አይክፈቱት፣ አያጽዱት፣ ካርቶኑንም አይፍቱት። እንዳለ ለእኔ ይስጡኝ።

ከአባቴ ምንም የለኝም። እናቴ ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ሰጥታዋለች። አንድ ፎቶ አለኝ፣ ከጀርባው ፀሐይ ስላለ ፊቱ ጥቁር ነው። ድምፁን አላስታውሰውም፣ ሲሞት ልጅ ነበርኩ። እጁ የነካው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅም። ብየዳው መጥፎ ነው ሲሉኝ እኮ እኔ መጥፎውን ነው የምፈልገው! ሰዎች ይሳቁ፣ ምን ገዶኝ።

ዕቃ ዕቃ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ አፌን በቆረጠው።

ልዑል ከቤት ከወጣ ሰነባብቷል። ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልዎት ጊዜም አልነበረም። እሱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ሀጂራ፣ ይህን ስታይ እባክሽ አሁኑኑ አሳዪልኝ። ሱቁን ዘግተሽም ቢሆን።

ሊያ

---

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊያ፣

እንደምን አለሽልኝ? ለወትሮው ቶሎ ትመልሺ ነበር። አሁን ግን ከዚያ ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ ካንቺ ምንም አልደረሰኝም። ምናልባት ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ያንን በላክሁልሽ በማግስቱ የሀጂራ ሱቅ ፈረሰ። ከእኔ በፊት የእሷ ረድፍ ነበር ተራው። ዕቃዋን ጭና ወንድሟ ዘንድ ወራቤ ሄደች። ቁልፍና ክሩ በየቦታው ተበትኖ ቀረ፣ ልጆች ይለቅሙታል። ይህንን የምጽፍልሽ በጓደኛሽ በለተሚካኤል በኩል ነው።

እኔም ወጥቻለሁ። አራተኛ ፎቅ ገብቻለሁ። ደረጃውን ሁለት ቦታ እያረፍኩ እወጣዋለሁ። መስኮቴ ወደ ሌላ ሰው መስኮት ነው የሚያየው። ሰው ሁሉ ጨዋ ነው፣ ሲያገኘኝ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ እኔም አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ፒያሳ ሳለሁ ጆሮዬ የጠፋ አይመስለኝም ነበር፤ ማን ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቅ ነበር። እዚህ ግን ደንቆሮ መሆኔን አወቅሁት።

ሬዲዮዎቹን ግን ጨርሻቸዋለሁ! ሱቁ ሊፈርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ለተሚካኤል በጭነት መኪና መጥታ ወሰደቻቸው። እያንዳንዱን ቀለም ቀብቼ፣ መዞሪያውን አንጸባርቄ ነው የሰጠኋት። ጆንያ ሥር የሸሸግኋቸውን ሁለቱንም አግኝታ ወሰደቻቸው፣ አፈርኩ። የአባትሽንም አሳምሬዋለሁ። ውስጡን ሁሉ አወጣሁት፣ የሳጥኑን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አሸሁትና ቫርኒሽ ቀባሁት፣ አዲስ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ካርቶኖቹም ቆሽሸው ስለነበር በጥሩ ወረቀት ስማቸውን ገልብጬ ቀየርኋቸው። የወጣውን ቁርጥራጭ ሁሉ ቆራሌው በጆንያ ይዞት ሄደ፣ ቦታም ጠረግሁ።

ለተሚካኤል ስትወስዳቸው ፊቷ ትንሽ ልክ አልነበረም። ተደናግጣ ይሆን፣ ወይም ደክሟት። አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሰክታ ሰምታቸዋለች? እንዴት አድርገው ይናገራሉ? እኔ በጣቴ ነው የሰማኋቸው፣ አንቺ በጆሮዋ የሰማችውን ንገሪኝ።

አያትሽ እምሩ

---

በርገን
ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ እምሩ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅዎት። ይህን ለተሚካኤል አትማ ታመጣልዎታለች።

መጋቢት ስድስት የጻፍኩልዎትን አብሬ ልኬዋለሁ። ያንብቡትና ወደዚህ ይመለሱ።

አሁን አነበቡት። እንግዲህ ምን ልበልዎት? እንዳሉ ብዬ ነበር አባባ። ምንም እንዳይነኩ ብዬ ነበር። በአማርኛ ነው የጻፍኩት። እርስዎ ግን ትሕትና ነው አሉ። በሕይወቴ ሙሉ ለሰው ልክ ልኩን ተናግሬ አላውቅም፣ ለልዑልም አልተናገርኩም፣ ዛሬ ግን ይውጣልኝ። አባቴን ሁለተኛ ቀበሩብኝ።

ይናገራሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለተሚካኤል እንዳልነግርዎት ለምናኛለች፣ እኔ ግን እነግርዎታለሁ። አንዳቸውም አይናገሩም። ስትሰካቸው ጥዝዝ ነው የሚሉት፣ ሌላ ምንም የላቸውም። ጣትዎን ያንቀጠቀጠው ጥዝዝታው ነው። ሀጂራ ስትነቀንቅልዎት የነበረው እርስዎን ላለማሳዘን ነው።

የምትወስደው ሁለቱን ብቻ ነው። አይጥ የበላቸውን። እነሱ ቫልቫቸውም፣ ሽቦአቸውም፣ የድሮው ካርቶናቸውም አለ። ሌሎቹን አልቀበልም ብላለች፤ ሳጥን ናቸው፣ ውስጣቸው የመርካቶ ዕቃ ነው፣ ስማቸው የተጻፈው ዘንድሮ ነው፣ ይህ የማንም ታሪክ አይደለም አለች። የካሣሁንንም። ይቅርታ አባባ፣ የካሣሁንንም።

ስለ ቆራሌው አንድ ጥያቄ አለኝ። ወዴት ይዞት እንደሚሄድ ያውቃሉ?

ሊያ

---

አዲስ አበባ
ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊያ፣

አምላክ ልብሽን ያሳርፈው። እኔ በሕይወት አለሁ።

ደብዳቤሽን ለተሚካኤል እስከ ላይ ድረስ ወጥታ ሰጠችኝ። ሳነበው አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሻይ እንኳ አላፈላሁላትም። ብዙ ጊዜ ያልጻፍኩልሽ መጀመሪያ ባንቺ ተናድጄ ነው። አንዲት ፍሬ ልጅ፣ ያዘልኳት ልጅ፣ እንዲህ ትለኛለች ብዬ። ቀጥሎ በሀጂራ ተናደድኩ። ቀጥሎ የሚቀረው እኔ ሆንኩ።

ሀጂራ ከወራቤ መጥታ ልትጠይቀኝ ወጣች። ይናገር ነበር ወይ ብዬ ጻፍኩላት። አለቀሰችና ወረቀቱ ላይ «አባባ ደስ ብሎዎት ነበር» ብላ ጻፈችልኝ። ያንቺ የመጋቢቱ ደብዳቤ ደርሷት ለጎረቤት ሁሉ ደውላ ነበር አሉ። ጎረቤት የሚባል ግን አልነበረም፣ ሁሉም በየጭነቱ ላይ ነበር። አልቀየምኳትም። እኔስ ለስንቱ ደንበኛ ነገ ይደርሳል ብዬ ነቅንቄያለሁ።

ከእሷ ጋር ሆነን ምን አለሽ ተራ ሄድን። የቆራሌው ዕቃ የሚራገፈው እዚያ ነው። ልጄ፣ ተራራ ነው። የሬዲዮ አንጀት፣ የቴሌቪዥን አንጀት፣ የማላውቀው ዕቃ አንጀት። አጎንብሼ በማጉሊያዬ አንድ በአንድ አየሁ፤ ሰዉ ወርቅ የጠፋበት ሽማግሌ መስሎት ያዝንልኝ ነበር። ተመላልሼ ሄድኩ። የለም። መዳቡን አቅልጠውታል አሉኝ።

አሁን የምነግርሽን ልነግርሽ አልነበረም። እንደ ሚናስ አድርጌ በይጄ፣ ተገኘ ብዬ ልልክልሽ አስቤ ነበር። ዕቃውን ከዚያው ከተራራው ለቃቅሜ ገዛሁ። የልጁን እጅ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ የት የት ላይ እንደሚሳሳት ሳይቀር አውቃለሁ። የብየዳ ካውያውን አግዬ ተቀመጥኩ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። መጥፎ ልሠራ እልና በመጨረሻ ጣቶቼ ራሳቸው ያስተካክሉታል፣ የማውቀው ያ ብቻ ነው። ደጋግሜ አፈረስኩ፣ ደጋግሜ የኔ ሆኖ ወጣ። አለመሳካቱ ይሻላል፤ ተሳክቶልኝ ቢሆን ኖሮ አንቺ በጣትሽ የምትዳብሺው የኔን ውሸት ነበር።

ስለዚህ የማስታውሰውን ልጻፍልሽ፣ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። ሚናስ የብየዳውን እርሳስ አብዝቶ ያፈስሰዋል፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሽንብራ የሚያህል ነው። ሽቦውን ሲቆርጥ ትርፉን ረጅም ይተወዋል፣ ያስፈልገን ይሆናል ይል ነበር። ሳይቀዘቅዝ በአፉ እፍ ይልበታል፣ አትበል ብዬ ብቆጣው ይስቃል፣ ዞር ስል ደግሞ እፍ ይላል። በዚህ ምክንያት ብየዳው አያንጸባርቅም፣ አመድማ ነው። ከታች ከሳጥኑ ወለል ላይ ካውያው ወድቆበት እንጨቱን አቃጥሎት ነበር፣ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ነጥብ። «እሷ አታየውም፣ ከሥር ነው» አለኝ፣ እናትሽን ማለቱ ነው። እሱን ነው በብርጭቆ ወረቀት ያሸሁት። ያን ቀን ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ለተሚካኤል ሌሎቹን መለሰችልኝ። ክፍሌ ውስጥ ተደርድረዋል፣ መተላለፊያ የለኝም። ባለቤት ቢመጣ ምን እንደምለው አላውቅም። ከዚህ በኋላ ከመጣ ማለቴ ነው፣ ቦታውን እንኳ ማን ያሳየዋል።

የሚናስን ሳጥን ወደ እናንተ አገር ለሚመጣ ሰው ሰጥቼልሻለሁ። የቻይናውን ነገር ከውስጡ አውጥቼዋለሁ፣ ስለዚህ አትሰኪው። የድሮውን ካርቶን ከቆሻሻው መካከል አጣሁት፤ ያለው እኔ የገለበጥኩት ነው፣ «ሚናስ፣ የራሴ» የሚለው የኔ እጅ ነው። ስትከፍቺው ባዶ ሆኖ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ቀድሜ የምጽፍልሽ። እሱ የሠራው አልቋል ልጄ፣ የቀረው እኔ ያበላሸሁት ነው፤ እሱኑ ተቀበይኝ።

እምሩ